የራሊ ታሪክ ያላትን አሮጌ ቮልስ ማደስ

ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ባሉት ጋራዦች አሮጌ ቮልስዋገን ፈትቶ የሚገጥም መካኒክ ማግኘት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው፣ መኪናዋ በአንድ ወቅት በራሊ፣ ማለትም በረጅም መንገድ የመኪና ውድድር፣ የተወዳደረች መሆኗ በሰነድ የተረጋገጠ ሲሆን፣ ምኑ ተነክቶ ምኑ መተው እንዳለበት የሚያመዛዝን ሰው ማግኘት ነው። ለተራ ቮልስ ጥሩ የሚባለው እድሳት ለእንዲህ ያለችው መኪና ጥፋት ሊሆን ይችላል፤ ታሪኳ የተቀመጠው ከፋብሪካ ከወጣች በኋላ በተበየደላት ማጠናከሪያ ብረት፣ በዳሽቦርዷ ላይ በተበሱት ቀዳዳዎችና ከቀለም ሥር በተሸፈነው ቁጥሯ ላይ ነውና። እነዚህን ደግሞ ጎበዝ ባትላሜራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ድምጥማጣቸውን ሊያጠፋቸው ይችላል።

ከዚህ በታች የምጽፈው፣ እ.ኤ.አ. የ1965 ሞዴል በሆነች፣ 1,192 ሲሲ ሞተር ባላት ቮልስ ላይ ሦስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ትክክል ሆኖ ያገኘሁትን አሠራር ነው። መኪናዋ የተገኘችው አዘዞ ከሚገኝ አንድ ግቢ፣ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ጎማዎቿ አፈር ውስጥ ሰምጠው ሲሆን፣ አብሯት የተገኘው የቆርቆሮ ሣጥን ሊብሬዋን፣ አንድ የተሳትፎ ምስክር ወረቀትና ሦስት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ይዞ ነበር። ሣጥኑ ባይኖር ኖሮ ሥራው በስድስት ወር ያልቅ ነበር፤ ሣጥኑ ስለነበረ ግን ሦስት ዓመት ፈጀ።

ሰነዱን ከብረቱ ጋር ማመሳከር

በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ተብሎ በታወቀው ራሊ፣ ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1954፣ በ1957 እና በ1962 አንደኛ ወጥታለች። በዚያ ዘመን ይወዳደሩ የነበሩት መኪኖች ከፋብሪካ ከወጡት እምብዛም የማይለዩ ስለነበሩ፣ የተወዳደረችውን ቮልስ ካልተወዳደረችው በዓይን ብቻ መለየት ከባድ ነው። ተጨማሪ መብራት፣ ከሞተር ሥር የሚታሰር መከላከያ ላሜራና በር ላይ የሚጻፍ ቁጥር ማንም ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊያሟላቸው ይችላል። ስለዚህ አንድም ብሎን ሳይፈታ ሰነዱና ብረቱ መመሳከር አለባቸው።

ከሻንሲው ቁጥር ይጀምሩ። የኋላውን መቀመጫ ሲያነሡ፣ በወለሉ መካከል በሚያልፈው ቱቦ መሰል ብረት ላይ ተመትቶ ያገኙታል፤ ፊት ለፊት ባለው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ከትርፍ ጎማው በስተጀርባ ባለው ትንሽ ሰሌዳ ላይም ይኸው ቁጥር ይደገማል። የ1965 ሞዴል የሆኑት ቮልሶች ቁጥራቸው በ115 ይጀምራል፤ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ያመለክታል። በ115 የሚጀምር ቁጥር ያላት መኪና እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1964 በፊት በተደረገ ውድድር ተሳትፋ ነበር የሚል ወረቀት ከቀረበልዎ፣ ወይ ወረቀቱ የሌላ መኪና ነው፣ ወይ ቀኑ በስሕተት ተነብቧል ማለት ነው።

ቀኑ በስሕተት መነበቡ በእኛ አገር ከሚገመተው በላይ የተለመደ ነው። ሊብሬው 1957 ይላል እንበል፤ ይህ ዓመተ ምሕረት ከሆነ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1964 ወይም 1965 ነው። ይኸው ወረቀት ዝም ብሎ ተተርጉሞ ለውጭ አገር ሰው ሲላክ ግን መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1957 ትሆናለች፤ ተቀባዩም እስከዚያ ዓመት አጋማሽ ድረስ የቮልስ የኋላ መስኮት ትንሽና ሞላላ እንደነበረ ስለሚያውቅ፣ ፎቶው ላይ ሰፊውን መስኮት ሲያይ አጭበርባሪ አድርጎ ይቆጥርዎታል። በእኔ ላይ ይህ ደርሶብኛል። ከዚያ ወዲህ በመኪናዋ የሰነድ ማኅደር ውስጥ የማሰፍረውን እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ዋናው ሰነድ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈም አብሬ አሰፍራለሁ።

የሞተሩ ቁጥር የሚገኘው ዲናሞው ከተቀመጠበት ማቆሚያ ሥር፣ በሞተሩ አካል ላይ ነው። ቁጥሩ በላቲኑ ኤፍ ፊደል ከጀመረ ሞተሩ 1300፣ በኤች ከጀመረ ደግሞ 1500 ነው፤ ሁለቱም ከዚህች መኪና ጋር ከፋብሪካ የወጡ አይደሉም። ይህ ማለት መኪናዋ ዋጋ የላትም ማለት አይደለም፤ በውድድር የደከመ ሞተር መቀየር የተለመደ ነበርና። መቼ እንደተቀየረ ግን በሊብሬው ላይ የሠፈረውን የሞተር ቁጥር ከብረቱ ጋር በማስተያየት ማወቅ ይገባል። የዛገን ወይም የደበዘዘን ቁጥር ደግሞ እንደገና ለመምታት በጭራሽ አይሞክሩ፤ በሕግ የሚያስጠይቅ ከመሆኑም በላይ፣ የቀረው ማስረጃ ሁሉ እንዲጠረጠር ያደርጋል። ቁጥሩ ያለበትን ቦታ በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ጠርገው፣ ከጎን በኩል ባትሪ አብርተው ፎቶ ማንሣት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል።

በጀርመን አገር ቮልፍስቡርግ የሚገኘው የቮልስዋገን የመኪና ሙዚየም፣ የሻንሲ ቁጥር ተልኮለት ክፍያ ሲፈጸም፣ መኪናዋ የተሠራችበትን ቀንና የመጀመሪያ ቀለሟን የሚገልጽ የልደት ምስክር ወረቀት ያወጣል። በእኔ አስተያየት ከማናቸውም መለዋወጫ በፊት መገዛት ያለበት ይህ ወረቀት ነው። ለውድድሩ ታሪክ ግን ወረቀቱ አይበቃም። በዚያ ዘመን የወጡትን የአዲስ ዘመንና የኢትዮጵያን ሄራልድ ጋዜጦች አዲስ አበባ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ በተለምዶ ወመዘክር በምንለው፣ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ጋዜጣው የሹፌሩን ስም ብቻ ሊጠቅስ ይችላል፤ ስሙ ከሊብሬው ባለቤት ስም ጋር ከገጠመ፣ የፎቶው ታርጋ ደግሞ ከሊብሬው ታርጋ ጋር ከተስማማ፣ ሰንሰለቱ ተያይዟል ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ «ይባላል» ብለው ይጻፉ እንጂ «ነው» አይበሉ።

ሳያጥቡ ማየት

መኪናዋ ጋራዥ እንደገባች ሁሉም ሰው የሚያምረው በውኃ ማጠብ ነው። አይታጠብ። ከጭቃ መከላከያው ሥር የደረቀው አፈር ራሱ የሚናገረው ነገር ሊኖረው ይችላል፤ ከሁሉ በላይ ግን የውኃ ግፊት የላላ ቀለም ይገነጥላል። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ክፍል አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጠው ፎቶ ያንሡ፤ ማስመሪያ የሌለበት የቀዳዳ ፎቶ በኋላ ከአሮጌው ፎቶ ጋር ሲያመሳክሩ አይረዳም።

የራሊ መኪና ምልክቶች የት እንደሚፈለጉ ማወቅ ይጠቅማል። በፊተኛው ፓራውልት ማሠሪያ ላይ የተጨማሪ መብራት ቀዳዳዎች፤ ካርታ እያነበበ ሹፌሩን ከሚመራው ከአሳሹ መቀመጫ ፊት ለፊት፣ በዳሽቦርዱ ላይ፣ የሰዓትና የርቀት መለኪያ የታሠሩባቸው ትንንሽ ብሎኖች ቦታ፤ ከጣሪያው ሥር ለካርታ ማንበቢያ መብራት የተዘረጋ ሽቦ፤ የፊተኛው እግር ከወለሉ ጋር በሚያያዝበት ቦታ ላይ ወፈር ባለ ላሜራ የተበየደ ማጠናከሪያ፤ ከማርሽ ሣጥኑ በታች በድንጋይ የተፋቀ ብረት። ከእነዚህ ውስጥ ለማስመሰል የሚያስቸግረው የመጨረሻው ነው። በመብራት ማሠሪያ ማታለል ይቻላል፤ ለብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር ከሥር በጠጠር የተደበደበን ብረት ግን በመዶሻ መፍጠር አይቻልም።

ቀለሙን ለማንበብ ከበሩ መካከል የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ይምረጡ። ባለ 600 ብርጭቆ ወረቀት ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለው፣ ሳይጫኑ በክብ በክብ ያሹ፤ በየደቂቃው በስፖንጅ ጠርገው ይመልከቱ። ቀለሙ ሊወጣ ሲል ወደ ባለ 1000 ይቀይሩ። የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ደረቁን አይፋቁ፤ የአፍ መሸፈኛም ይልበሱ። በእኔዋ መኪና ላይ በመጀመሪያ ሰማያዊ ወጣ፤ ከሰማያዊው ሥር ግራጫ ስቱኮ፤ ከስቱኮው ሥር አንድ ሰው በብሩሽ የቀባው ቀይ፤ ከቀዩ ሥር ደግሞ ወተት የመሰለ ነጭ። ከነጩ በላይ፣ በግራ በኩል፣ የጣት ውፍረት ያለው ጥቁር ቅስት መታየት ጀመረ። ጫፉ ላይ ቀለሙ ወርዶ እንደ እንባ ደርቋል፤ ቁጥሩን የጻፈው ሰው ብሩሹን አብዝቶ ነክሮት እንደነበረ ያስታውቃል። አሮጌው ፎቶ ላይም፣ አጉልተው ሲያዩት፣ ያው እንባ አለ። ከዚያች ቀን በኋላ ያንን በር ለማንም አልሰጠሁም።

የትኛዋን ቀን?

አንዲት መኪና ስድሳ ዓመት ከኖረች ስድሳ ዓይነት መልክ ነበራት። ከፋብሪካ የወጣችበት ቀን፣ ውድድሩ የተጀመረበት ማለዳ፣ ውድድሩን የጨረሰችበት ምሽት፣ የተሸጠችበት ዓመት፣ ሁሉም እውነት ናቸው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መመለስ ግን አይቻልም። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር አንድ ቀን ተመርጦ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት፤ ያለዚያ አንዱ ሠራተኛ የፋብሪካውን ፓራውልት ሲመልስ ሌላው የራሊውን መብራት ይገጥምና፣ በየትኛውም ዘመን ያልነበረች መኪና ትወጣለች። እኔ የመረጥኩት ፎቶው የተነሣበትን ቀን ነው፤ የማውቀው እሱን ብቻ ስለሆነ።

ጎንደር ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በፋሲል ግቢ፣ ቀደም ባሉት ጥገናዎች የገባው ሲሚንቶና አርማታ ለአሮጌው ድንጋይ የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ፣ ኋላ ላይ ተነሥቶ በኖራ እንዲተካ ተደርጓል። በመኪናም እንዲሁ ነው፤ ወፍራም ስቱኮና የሚያብረቀርቅ ዘመናዊ ቀለም ሲሚንቶ ናቸው። የዓለም አቀፉ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ያጸደቀው የቶሪኖ ቻርተርም ስለ ሕንፃ ቅርስ ከወጣው የቬኒስ ቻርተር የተቀዳ ሐሳብ ይዟል፤ ጣልቃ ገብነቱ ትንሽ ይሁን፣ የተደረገው ሁሉ ይመዝገብ የሚል ነው።

ማፍረስና ብየዳ

የቮልስ አካል ከወለሉ ጋር የሚያያዘው በዙሪያው ባሉ ብሎኖች ነው፤ እነዚህ ከወለቁ፣ ሽቦና ፍሬኑ ከተለያየ፣ ስድስት ጎልማሶች አካሉን አንሥተው ወደ ጎን ሊያስቀምጡት ይችላሉ። የዛገውን ብሎን በጉልበት ከመስበር በዘይት ለሁለት ሦስት ቀን አርጥቦ መጠበቅ ይሻላል። የወጣው ብሎን ሁሉ፣ የተበላሸው እንኳ፣ ቦታው ተጽፎበት በፌስታል ይቀመጥ።

ዝገቱ የት እንዳለ ቀድሞ ይታወቃል። ከኋላው መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ባትሪው የተቀመጠበት ወለል በአሲድ ተበልቷል፤ ከበሮቹ ሥር ያሉት፣ ሙቅ አየር የሚያልፍባቸው የጎን ቦዮች ከውስጥ ዝገዋል፤ የትርፍ ጎማው ጉድጓድ ውኃ አቁሯል። የጎን ቦዮቹን ከመቁረጥዎ በፊት የበሩን ክፍት ቦታ በአንግል ብረት አግድመው ይበይዱ፤ ይህ ካልተደረገ አካሉ በሚሊ ሜትሮች ይዘምና በሩ ከዚያ በኋላ አይዘጋም። አንዱን ጎን ጨርሰው ሌላውን ይጀምሩ እንጂ ሁለቱንም አንድ ላይ አይክፈቱ። ላሜራው ስስ ስለሆነ ረጅም መስመር መበየድ ያጣምመዋል፤ እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ እያደረጉ፣ በመካከሉ እያቀዘቀዙ ይሙሉት።

የተበላውን ብረት ቆርጦ በአዲስ መተካት ግዴታ ሲሆን፣ የሚቆረጠው የዛገው ብቻ ይሁን። በውድድሩ ዘመን የተበየደው ማጠናከሪያ አስቀያሚ ነው፤ ብየዳው እብጥ እብጥ ያለ ነው፤ ብዙ ባለሙያ ሲያየው እጁ ይበላዋል። ይተውት። አዲሱን ቁራጭ ደግሞ በውስጥ በኩል፣ በማይታይ ቦታ፣ ዓመቱን በትንሽ ፊደል ይምቱበት።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ለአንድ ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ስሄድ የወለሉን ሥራ ለአንድ በያጅ ሰጥቼ ነበር። ስመለስ ወለሉን አሳምሮ ጨርሶ፣ በትርፍ ጊዜው፣ ደስ ይለኛል ብሎ፣ በዳሽቦርዱ ላይ የነበሩትን ዘጠኝ ቀዳዳዎች በሙሉ ደፍኖ በመፍጫ አለስልሶ ጠበቀኝ። «ጋሼ፣ እነዚህን ወንፊት የመሰሉ ነገሮች ገላገልኩዎት» አለኝ። ምን ልበለው? አትንካ ያላልኩት እኔ ነኝ። ቀዳዳዎቹን ከፎቶዎቹ ላይ ለክቼ እንደገና በሳኋቸው፤ በማኅደሩ ውስጥ ግን እነዚህ ዘጠኝ ቀዳዳዎች የመጀመሪያዎቹ እንዳልሆኑ ተጽፏል። አሁን ማንም ሰው መኪናዋ ላይ ከመሥራቱ በፊት፣ የማይነካው ቦታ ሁሉ በቀይ የወረቀት ፕላስተር ይለጠፋል።

ሞተሩ በ2,133 ሜትር ላይ

ሞተሩን ማውረድ ቀላል ነው፤ ከማርሽ ሣጥኑ ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ስለሆነ፣ የቤንዚን ቱቦው፣ የጋዙ ገመድና ሽቦዎቹ ከተለዩ በኋላ፣ በክሪክ ተደግፎ ወደ ኋላ ይሳባል። ከመፈታቱ በፊት ግን አንድ ልኬት ይወሰድ፤ የክራንክሻፍቱ የወደፊትና የወደኋላ እንቅስቃሴ። ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው፣ ከ0.15 ካለፈ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት። የቺንጋውን ፑሊ ይዘው ሲገፉትና ሲስቡት «ቋ ቋ» የሚል ድምፅ ከሰሙ መለኪያም አያስፈልግዎትም።

በአንዳንድ ጋራዥ የሞተር ክፍሎችን በኮስቲክ ሶዳ ቀቅሎ ማጠብ የተለመደ ነው። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) እና ፒስተኑ አልሙኒየም ስለሆኑ ሶዳው ይበላቸዋል፤ በናፍጣና በብሩሽ ይታጠቡ። የሞተሩ አካል ማግኒዥየም ያለበት ቅይጥ ስለሆነ፣ ቶርኖ ቤት ሲሰጡት ፍቅፋቂው እሳት እንደሚይዝ ለባለሙያው መንገር ያስፈልጋል፤ እሳት ከያዘም ውኃ አይደፋበትም፤ በደረቅ አሸዋ ይታፈናል። ቁጥሩ ያለበት ቦታ ደግሞ በጭራሽ አይፋቅ።

የሲሊንደሩ ስፋት 77፣ የፒስተኑ ምት 64 ሚሊ ሜትር ነው። «ሲሊንደሩን በ83 ቀይረው፤ ጉልበት ይጨምራል» የሚል መካሪ አይታጣም። እውነቱን ነው፤ ይጨምራል። ሰነዱ ያንን ካላለ ግን አያድርጉት።

አየር የሚያቀዘቅዘው ሞተር እንደመሆኑ ትልቁ ጠላቱ ሙቀት ነው። በዚያ ዘመን በተሠሩት ቮልሶች የዘይቱ ማቀዝቀዣ በአየር ማስተላለፊያው ውስጥ ስለተቀመጠ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን አየር በከፊል ይጋርደዋል፤ በዚህ ምክንያት መጀመሪያ የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ነው። ቴስታታው ሲወርድ ያንን ቫልቭ ከሌሎቹ ለይተው ይመርምሩት። በእኛ ጋራዦች በብዛት የሚጎድለው ደግሞ በሞተሩ ዙሪያ የሚገባው ላስቲክ ነው፤ ተራ ነገር ይመስላል፤ ሥራው ግን ከሥር የሚመጣውን ሙቅ አየር ማራገቢያው ከሚስበው ቀዝቃዛ አየር መለየት ነው። ላስቲኩ ከሌለ ሞተሩ የራሱን ትኩሳት መልሶ ይተነፍሳል። ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሲየስ ላይ የሚሠራውን ቴርሞስታትም «አገሩ ሙቅ ነው» ብለው የሚጥሉት አሉ፤ በኅዳር የጎንደርን ንጋት የቀመሰ ሰው እንዲህ አይልም።

አሁን ወደ ከፍታው ልመለስ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,133 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሞተሩም በዚያው መጠን ይደክማል፤ ከፋብሪካ 34 የፈረስ ጉልበት ይዞ የወጣው እዚህ ከ27 ወይም ከ28 አይበልጥም። ስለዚህ አዲስ የታደሰው ሞተር ደከመ ብለው ከመካኒክዎ ጋር አይጣሉ። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚለካው ቤንዚን ግን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ያወጣል። መፍትሔው በካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚኑን መጠን የምትወስነውን፣ መካከሏ ቀዳዳ የሆነውን ትንሽ የናስ ብሎን አንድ ሁለት ደረጃ ጠበብ ባለች መተካት ነው። በላይዋ 122.5 የሚል ከተጻፈባት 117.5 ይሞክሩና፣ አሥር ኪሎ ሜትር ነድተው ካንዴላውን አውጥተው ይዩ፤ ጫፉ የተቆላ ቡና ቡናማ ሲይዝ ልኩን አግኝተዋል። ወደ መተማ ቆላ ለመውረድ ካሰቡ ግን የመጀመሪያዋን መልሰው ይግጠሙ፤ ከ1,000 ሜትር በታች ባለው ወፍራም አየር፣ በዚያ ሙቀት፣ ለደጋው የጠበበችው ቀዳዳ ሞተሩን በቤንዚን ጥማት ታቃጥለዋለች። እኔ ሁለቱንም በጨርቅ ጠቅልዬ የጓንት ማስቀመጫው ውስጥ አኖራለሁ።

መለዋወጫ ሲያዝዙ የሚገጥምዎት አንድ አስቂኝ ችግር አለ። የእኛ ጋራዥ የሚናገረው ጣልያንኛ ነው፤ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ። ሰፈሩን እንኳ አውቶ ፓርኮ ብላ የጠራች ከተማ ናት። መኪናዋ ግን ጀርመን ናት፤ የመለዋወጫ ዝርዝሯም በቁጥር ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በስም፣ ውጭ አገር በቁጥር ይጠየቃል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የያዘ ደብተር ያዘጋጁ።

ፍሬንና ኤሌክትሪክ

ፍሬን ላይ ታሪክ ጠብቄ እኖራለሁ ማለት ሞኝነት ነው። ላስቲክ የሆነ ሁሉ፣ የፍሬን ቱቦም ሁሉ፣ በአዲስ ይተካል። አሮጌውን የፍሬን ሸራ አቧራ ግን በኮምፕረሰር አያርግፉት፤ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። የኋላውን ታምቡር የሚይዘው 36 ቁጥር ዳዶ 300 ኒውተን ሜትር ገደማ መጠበቅ አለበት፤ ላላ ካለ ታምቡሩ ጥርሱን በልቶ ጎማው በመንገድ ላይ ይወልቃል። ይህን ያህል የሚለካ ቁልፍ ከሌለዎት፣ ቁልፉ ላይ ቧንቧ አስገብተው አግድም ያድርጉትና፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዳዶው በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሳይዘል ይቁምበት፤ ልኩ ይመጣል። የሽቦ ማሠሪያዋ ቀዳዳ ካልገጠመች ጨምረው ያጥብቁ እንጂ መልሰው አያላሉት።

የ1965ቷ ቮልስ ኤሌክትሪክ 6 ቮልት ነው። ወደ 12 መቀየር ለዕለት አገልግሎት ይመቻል፤ ሰነድ ላላት መኪና ግን አልመክርም። መብራቷ የሚደክመው አብዛኛውን ጊዜ በቮልቱ ምክንያት ሳይሆን፣ ስድሳ ዓመት በዛገው የሽቦና የብረት መገናኛ ምክንያት ነው። መገናኛዎቹን ሁሉ አጽድተው፣ ከባትሪው ወደ ወለሉ የሚሄደውን ገመድ በወፍራሙ ይቀይሩ። የ6 ቮልት ባትሪ ከጠፋና 12 ማድረግ ግድ ከሆነ፣ ዲናሞው፣ ሞተሪኖውና አምፖሎቹ ተጽፎባቸው ይቀመጡ።

ቀለም

ቀለም የሚቀባው የቀድሞው በሌለበት ቦታ ብቻ ነው። የፋብሪካው የቀለም ቁጥር ለዚህ ይረዳል፤ የእኔዋ ኤል 87፣ ዕንቁ ነጭ፣ ነበረች፤ በዚያው ዓመት ኤል 456፣ ሩቢ ቀይ፣ የሆኑም ወጥተዋል። ቁጥሩ ግን መነሻ ብቻ ነው፤ ስድሳ ዓመት ፀሐይ የመታው ነጭ ከቆርቆሮው የሚወጣውን ነጭ አይመስልም። ጠብታ ቢጫና ጠብታ ጥቁር እየጨመሩ፣ በቁራጭ ላሜራ ላይ ቀብተው፣ ከደረቀ በኋላ በቀን ብርሃን ከበሩ ጋር ያስተያዩት። በላዩ የሚያብረቀርቅ ቬርኒስ አይደረብም፤ ያን ጊዜ አልነበረምና።

ወቅቱም ይታሰብበት። በክረምት እርጥበቱ ቀለሙን ያደበዝዘዋል፤ በበጋ መጨረሻ አቧራው አያስቀባም። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ነፋስ ሳይነሣ፣ ወለሉን በውኃ አርሰው ቢቀቡ ይሻላል።

በሩ ላይ ያለውን ቁጥር በተመለከተ ብዙ ተከራክሬአለሁ። እንደ አዲስ ይጻፍ የሚሉ ወዳጆች ነበሩኝ፤ ፎቶው ስላለ ይቻል ነበር። እኔ ግን ከላዩ ያሉትን ቀለሞች በባለ 1000 ብርጭቆ ወረቀት በአራት ወር ቀስ እያልኩ አንሥቼ፣ የተረፈውን ያህል ብቻ አወጣሁ። ከአኃዙ ሲሶው ጠፍቷል። ቀለም በሌለው ሰም ሸፍኜዋለሁ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ በጥጥ ጨርቅ ይታደሳል።

ወደ መንገድ

የመጀመሪያው ጉዞ አዘዞ ደርሶ መልስ ይሁን፤ ሲመለሱ የኋላውን ዳዶ፣ የዘይቱን መፍሰስና የፍሬኑን ግለት ያረጋግጡ። 500 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ሞተሩ ፍጹም በቀዘቀዘበት ጠዋት የቫልቮቹ ክፍተት ይስተካከል፤ 2.5 ሊትሩም ዘይት ይቀየር። ይህ ሞተር ከወንፊት በቀር የዘይት ማጣሪያ ስለሌለው፣ በአቧራ መንገድ የሚነዳት ሰው ዘይቱን ከተለመደው ቀድሞ መቀየር ይገባዋል።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ደባርቅ ድረስ ይውጡ፤ ረጅሙ ዳገት ሞተሩ እንደሚግል ወይም እንደማይግል ይነግርዎታል። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሚወስደው የሊማሊሞ ቁልቁለት ግን ፍሬኑ ተፈትኖ ሳያልቅ አይግቡ፤ ሲገቡም በሁለተኛ ማርሽ ወርደው፣ በየመታጠፊያው ታምቡሩን በእጅዎ ጀርባ እያሸተቱ ማለት ይቻላል፣ ሳይነኩ አስጠግተው፣ ግለቱን ይመርምሩ። እኔ ባለፈው ኅዳር ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ቆሜ ሳረጋግጥ የግራው የኋላ ታምቡር ከሌሎቹ ይበልጥ ግሎ አገኘሁት። ዙሬ ተመለስኩ፤ ጋራዥ ገብቼ ስፈታው የሸራው መመለሻ ሞላ ተዳክሞ ኖሯል። የተቀየረበት ቀን፣ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ማኅደሩ ውስጥ ሠፍሯል።